ቡፌው ላይ የቆመው ወይን

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ልጀምር። ቤታችሁ ቡፌ ላይ፣ ከፕላስቲኩ አበባና ከምርቃቱ ፎቶ መሀል፣ ያልተከፈተ የወይን ጠርሙስ አለ? ካለ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነሡና አውርዱት። የእኛው ስድስት ዓመት ሙሉ ቆሞ ነበር። በእሱ ሰበብ የታናሽ እህቴ ጋብቻ በአንድ እሁድ ቀትር ሊፈርስ ትንሽ ነበር የቀረው።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ደብረ ታቦር፣ ወላጆቼ ቤት ነበር የምኖረው፤ ቤት ከማለት ጓዳ ማለት ይሻላል። ሰው ሲመጣ እዚያ እገባለሁ፣ እስኪሄድ አልወጣም። ጎረቤቱ «አረብ አገር ነካ አድርጓታል» እያለ እንደሚያማኝ አውቃለሁ። እናቴ ትቆጣለች፣ እኔ ግን ብዙም አልፈርድባቸውም። እኔም ራሴን ከውጭ ባየው እንደዚያ ሳልል አልቀርም ነበር።

ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ቤሩት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ማዳም ክፉ ሰው ነበረች አልላችሁም። ጯኺ ነበረች። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እንግዳ ትጠራለች፣ ወይን ይቀርባል፣ ቀጂዋ እኔ ነኝ። የወይን አቀራረብን ያስተማረችኝም እሷው ናት፤ በቁጣ ነው ያስተማረችኝ፣ ግን ጠንቅቄ ተምሬያለሁ። ጠርሙሱ ፀሐይ በማያይበት ቦታ ተጋድሞ ይቀመጣል፤ ከቆመ ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል። ቀይ ወይን እንደ በረዶ ቀዝቅዞ አይቀርብም። ብርጭቆው በእግሩ እንጂ በሆዱ አይያዝም፤ ከሲሶው በላይም አይሞላም። ቡሹ እንደተነቀለ ይሸተታል። ከዚያ ከሁሉ በፊት ለባለቤቷ፣ ሚስተር እለው ለነበረው ሰው፣ ሁለት ጣት የማይሞላ ይቀዳለታል። እኔ ከቀኝ ትከሻው ኋላ ቆሜ እጠብቃለሁ። አሽትቶ፣ ቀምሶ፣ ራሱን ሲነቀንቅ ያን ጊዜ ለእንግዶቹ እቀዳለሁ።

አንድ ቀን አንዲት ጠብታ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ወረደችብኝ። ማዳም እንግዶቹ እያዩ የጮኸችብኝን ጩኸት አልነግራችሁም፤ አረብኛውን እንኳ ግማሹን ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ትሪ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። አገሬ ገብቼ፣ የሚጮህብኝ በሌለበት፣ በገዛ እናቴ ቤትም ይንቀጠቀጣል።

ወደ አገሬ የተሳፈርኩ ዕለት ሚስተር በወጥ ቤቱ በር አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ሰጠኝ። «ለአባትሽ ስጪው። አታስቀምጡት፣ ቶሎ ጠጡት» አለኝ። አባቴ ሲቀበሉኝ እጃቸውን ዘርግተው ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቀፉት። ወስደው ቡፌው ላይ፣ መሀል ላይ፣ ዳንቴል አንጥፈው አቆሙት። የምሥራቁ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ መጥታ ጠርሙሱ ላይ ታርፋለች፣ ቀዩ ሲበራ ያምራል። «ለክፉም ለደግም አይነካም፣ ለትልቅ ቀን ነው» አሉ። «ቶሎ ጠጡት ተብሏል» ልል አፌን ከፈትኩና ፊታቸውን አይቼ ዘጋሁት። ነገ እላቸዋለሁ አልኩ። ነገ ነገ ስል ስድስት ዓመት ሄደ። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውሉታል፣ እኔ ከጓዳ በር ቆሜ አያለሁ።

ትልቁ ቀን በጥር መጣ። እህቴን ስለናትን ደሳለኝ የሚባል አስተማሪ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። ቤተሰቡ የይፋግ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ ልከው ጠየቁ፣ አባቴ እንደ ወጉ «እንመክርበት» ብለው ለእሁድ ቀጠሩ። ዐቢይ ጾም ስለቀረበ ነገሩ አሁን ካለቀ አለቀ፣ ካላለቀ ለከርሞ ነው።

ታዲያ ደስታ ነው እንጂ ምን ያስፈራል ትሉ ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት ለስለናት ሌላ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። ያን ቀን ጠላ እንዳቀርብ ተላክሁ። እጄ ተንቀጠቀጠና ትሪው ከነብርጭቆው ሽማግሌዎቹ እግር ሥር ተከሰከሰ። እኔ ደግሞ ይቅርታ በማለት ፈንታ ጥግ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰዎቹ በትሕትና ወጡ፣ አልተመለሱም። ከሳምንት በኋላ «ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ» ብለው ሌላ ቤት እንደሄዱ ሰማን። ስለናት አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ እሁድ ዕለት ጎረቤት ሄጄ ለመዋል ቆርጬ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት አባቴ ጠሩኝ። ቡፌው አጠገብ ቆመዋል።

«ብርቄ፣ ይህን የምንከፍተው እሁድ ነው። ቀጂዋ አንቺ ነሽ።»

«እኔ እንኳ ባልቀርብ ይሻላል አባባ። ስለናት ትቅዳ።»

«የምትጠየቅ ልጅ ወጥታ ትቀዳለች? ደግሞ በወጉ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የቤሩቷ ልጄ እንዴት እንደምታስተናግድ ይዩ። ይህ ሁሉ ሐሜት ያን ቀን ያበቃል።»

«አባባ፣ ወይኑ ቆሞ ነው የኖረው። ፀሐይም መትቶታል። ምናልባት...»

«ወይን ሲቆይ ነው የሚጣፍጥ» አሉ እየሳቁ። «ይህን የማያውቅ ማን አለ?»

ሁሉም የሚያውቀው እንደዚያ ነው፣ እውነታቸውን ነው። በትክክል ተጋድሞ ለቆየ፣ እንዲቆይም ተብሎ ለተሠራ ወይን ነው ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ግን አላስረዳሁም። «እሺ» አልኩ።

ዓርብ ማለዳ የቡሽ መክፈቻ ፍለጋ ወጣሁ። ሱቅ በሱቅ ስጠይቅ የቢራ መክፈቻ ያሳዩኛል። «አይደለም፣ እንደ ጠመዝማዛ ሆኖ የሚገባ» እያልኩ በጣቴ ስዞር አንዱ ባለሱቅ ብሎን መፍቻ አውጥቶ ሰጠኝ። ቀኑን ሙሉ በባጃጅ ስንከራተት ውዬ በመጨረሻ አንድ ሆቴል የምትሠራ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ እሁድ ማታ እንድመልስላት አስምላ አዋሰችኝ። ባለ እግር ብርጭቆ ደግሞ የሠርግ ዕቃ ከሚያከራዩ ሴትዮ ስድስት አገኘሁ። ቤት ወስጄ ባሸታቸው የሳሙና ዱቄት ይሸታሉ። እንዲህ ያለ ሽታ ምርጡን ወይን ይገድለዋል። ሦስት ጊዜ በባዶ ፍል ውኃ አጥቤ፣ በነጭ ጨርቅ አድርቄ፣ አቧራ እንዳይገባባቸው በነጠላ ሸፈንኳቸው። እናቴ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «ለቁርባን ነው እንዴ?» አለችኝ።

አንድ ነገርም ለማንም ሳልነግር አደረግሁ። ከገበያው ማዶ ካለ ሱቅ የአገር ውስጥ ቀይ ወይን አንድ ጠርሙስ ገዛሁና ጓዳ፣ ከጤፉ ጆንያ ጀርባ፣ አጋድሜ ደበቅሁት። ደብረ ታቦር በጥር ማቀዝቀዣ አያስፈልጋትም፤ የጓዳችን ብርድ ለቀይ ወይን ልኩ ነው። ለምን እንደገዛሁት ለራሴም በግልጽ አልነገርኩትም። ስለናት ግን አገኘችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ያኛው ተበላሽቶ ከሆነ ብዬ ነው።»

ከጆንያው ላይ ቁጭ አለች። «ለአባባ ንገሪያቸዋ።»

«ትናንት ሞክሬ ነበር።»

«አንቺ ስትሞክሪ አውቅሻለሁ እኮ፣ ገና ሳትጀምሪ እሺ ትያለሽ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ብርቄ፣ እኔ ደሳለኝን እወደዋለሁ። ይኼም እንደዚያኛው እንዳይሆንብኝ።»

ያን ስትል ዓይኗን ከእጄ ላይ አላነሳችም። እጄን ቀሚሴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ዋናው የደሳለኝ አጎት መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ድምፃቸው ሳሎኑን የሚሞላ ሰው። ሁለቱ የዘመድ ሽማግሌዎች ናቸው። አባቴ ለአክብሮት የራሳቸውን ወንበር፣ ከሳሎኑ ራስጌ ያለውን ባለ መደገፊያ፣ ለመሪጌታ ለቀቁላቸውና ከሶፋው ጫፍ ተቀመጡ። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከወንበሩ ነው።

እኔ ከጓዳው በር ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ሰላምታው፣ የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የመንገዱ ወሬ አለቀ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው የመጡበትን ተናገሩ። አባቴ «መልሴን ከመስጠቴ በፊት ከልጄ እጅ አንድ ጽዋ ቅመሱልኝ» አሉ። «ስድስት ዓመት ለዚህች ቀን ያቆየሁት ወይን አለ። ቃሌን ከጽዋው በኋላ እሰጣለሁ።»

ምን በወጣኝ ብዬ ነው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የገባሁት? እግሬ ግን ሄደ። ትሪውን አስቀመጥኩ፣ ጠርሙሱን ከቡፌው አወረድኩ። ስድስት ዐይን፣ የአባቴ ሲጨመር ስምንት፣ እጄ ላይ ነው። መክፈቻውን አስገብቼ ቀስ ብዬ ስስብ ቡሹ ደርቆ እንደ ድርቆሽ ሆኗል፤ ከመሀል ተሰበረና ግማሹ ፍርፋሪ ሆኖ ወደ ውስጥ ወደቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ኤዲያ» አለ በለሆሳስ። በእጄ የቀረውን ግማሽ ቡሽ ሳላስበው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ኮመጠጠኝ። ምናልባት ቡሹ ብቻ ይሆናል አልኩ። ሰው ሲፈራ ምን የማይለው አለ?

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን እኔ አላደረግሁትም፣ እጄ ነው ያደረገው። የጠርሙሱን አንገት በነጩ ጨርቅ ጠረግሁ። ወደ ራስጌው ወንበር ሄድኩ። ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ትልቅ ሰው አየሁ፤ አምስት ዓመት በየማታው ያየሁት እንደዚያ ነው። ሁለት ጣት የማትሞላ ቀዳሁ፣ ከፊታቸው አስቀመጥኩ፣ ከቀኝ ትከሻቸው ኋላ ሄጄ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ቀምሰው ራሳቸውን እንዲነቀንቁ እጠብቃለሁ።

ጽዋውን ማንም አልነካውም።

እናንተ የአገሬ ሰዎች ያጠፋሁትን ወዲያው አይታችሁታል። በእኛ ዘንድ ለእንግዳ፣ ያውም ለሽማግሌ፣ ጽዋ እስከ አፉ ይሞላል፤ ጎደሎ ጽዋ ውጣልኝ ማለት ነው። ከዚያም የሚከፋው፣ አሳላፊ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለሰው አትሰጥም። ያልተቀመሰ መጠጥ የሚያቀርብ ምን እንዳሰበ እግዜር ነው የሚያውቀው። እኔ ደግሞ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አደረግሁት፤ ጎደሎ፣ ሳልቀምስ፣ ያውም «ነካ አድርጓታል» የምባለዋ እኔ፣ አባቴ ቃሌን ከጽዋው በኋላ ባሉበት አፍ።

መሪጌታ ጽዋውን አዩት። አባቴን አዩአቸው። መልሰው ጽዋውን አዩት። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ጋቢውን ሰበሰበና «እንግዲህ መልሱ ይኼ ከሆነ ብዙም መቆየት የለብንም» አለ። አባቴ ከሶፋው ጫፍ ብድግ አሉ። ከጓዳው በር የእናቴ ድምፅ መጣ፣ «ኧረ ብርቄ፣ ሳትቀምሺ!»

ያን ጊዜ ነው ከቤሩት የነቃሁት። ከእናቴ ጀርባ የስለናት ፊት ታየኝ፤ እንደ ኖራ ነጥቷል። ጠርሙሱን አንስቼ መዳፌ ላይ አፈሰስኩ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ግማሹ በጣቶቼ መሀል ወርዶ ቀሚሴን ነካ። የቀረውን ቀመስኩ።

አቼቶ ነው። ሰላጣ ላይ የምናፈሰው አቼቶ፣ ከዚያም የባሰ፤ ምላሴን ጨምድዶ ያዘው።

መሪጌታ መቅመሴን ሲያዩ ትንሽ ለሰላም ያህል ይመስለኛል፣ ብርጭቆውን አነሱ። ያቺን ቅጽበት ብዙ ጊዜ መልሼ አስቤአታለሁ። ዝም ብል አንድ ጉንጭ ይጠጣሉ፣ ይጨማደዳሉ፣ ስድብ በስድብ ላይ ተደርቦ ይወጣሉ። ብናገር ደግሞ አባቴን በሰው ፊት አዋርዳለሁ፤ ስድስት ዓመት የወለወሉት፣ ለመላው ሰፈር የተኩራሩበት ነው። ሁለቱም መንገድ የሚያደርሰው ስለናት ላይ ነው። ዝም ማለት ለምጄዋለሁ፤ በጣም የለመድኩት እሱን ነው።

እጄን ዘርግቼ የብርጭቆውን አፍ ከደንኩት።

የሽማግሌ ጽዋ ላይ፣ ከከንፈራቸው አጠገብ። «መሪጌታ፣ አይጠጡት» አልኩ።

ጋቢውን የሰበሰበው ሽማግሌ ብድግ አለ። «ምን አድርጋበታለች?»

«ምንም አላደረግሁበትም። ተበላሽቷል። አቼቶ ሆኗል።» ድምፄ ይቆራረጣል፣ ግን አልቆመም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ወይን ቆሞ አይቀመጥም፣ ፀሐይ ላይም አይቀመጥም። አውቅ ነበር፣ አልተናገርኩም። የቀዳሁልዎትም ጎደሎ ለመናቅ አይደለም። በሠራሁበት አገር የቤቱ ጌታ መጀመሪያ ትንሽ ቀምሶ ደህና ነው ሲል ነው ለሌላው የሚቀዳው። እርስዎን እዚህ ወንበር ላይ ሳይ... እጄ ለምዶበት ነው። ይቅር ይበሉኝ። እህቴ ምንም አታውቅም። በእኔ እሷን አይቅጧት።»

ይህን ሁሉ ስናገር እጄ ብርጭቆው ላይ ነው። ማንሳቱን ረስቼዋለሁ።

መሪጌታ ጣቶቼን በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው አነሱና ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። አሸተቱ። ዐይናቸውን ጨፍነው ደግመው አሸተቱ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ቁጭ በል አንተ ሰውዬ።» ቆሞ የነበረው ተቀመጠ።

ለሁላችንም ሳይሆን ለብርጭቆው የሚያወሩ መስለው ቀጠሉ። «ዲያቆን ሳለሁ ለቅዳሴ ዘቢቡን የማዘጋጅ እኔ ነበርኩ። አንድ ሌሊት ሳልጠነቀቅ ቀርቼ ሽታው ተለወጠብኝ። አውቄዋለሁ፣ አፍንጫዬ ነግሮኛል። የኔታን ፈራሁና ዝም አልኩ። ቄሱ አሽትተው ባይመልሱት ኖሮ...» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሽማግሌ ሆኜም ያሳፍረኛል። ይህች ልጅ በሦስት ሽማግሌ ፊት ተናገረች።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ቀስ ብለው «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

«ከመጀመሪያው። የሰጠኝ ሰው ቶሎ ጠጡት ብሎኝ ነበር።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሲወለውሉት እያየሁ እንዴት ብዬ ልንገርዎት አባባ?»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ዐይናቸው እንባ አዘለ። «ልጄ፣ እኔ መቼ ወይኑን ወለወልኩ?» አሉ። «ጓዳ ገብተሽ አልወጣም አልሽኝ። አንቺን ላገኝሽ አልቻልኩም። ካንቺ በእጄ የቀረ እሱ ብቻ መስሎኝ ነው።»

እንግዳ ፊት መሆኔን ረሳሁት። ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። ያኛው ጊዜ ጥግ ላይ ብቻዬን ነበር ያለቀስኩት፤ ይኼኛው እንደዚያ አልነበረም።

መሪጌታ ትንሽ ከታገሡን በኋላ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እኛ ታዲያ ከይፋግ በሚኒባስ ተጨናንቀን የመጣነው ጉሮሯችን ደርቆ ልንመለስ ነው?» አሉ። «በእኛ አገር አባቶቻችን ወይን ተክለው ይጠጡ ነበር ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁ። ዛሬ እቀምሳለሁ ብዬ ጓጉቼ ነበር።»

ስለናት እንኳን ሽማግሌ ፊት ልትወጣ፣ ከጓዳ ልትታይ አይገባትም ነበር። ግን የተደበቀውን ጠርሙስ በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሽማግሌዎቹ ያላዩ መስለው ጣሪያውን አዩ። ጠርሙሱን ተቀብያት ከፈትኩት። ቡሹ ሳይሰበር «ጭልቅ» ብሎ ወጣ፤ አሸተትኩት፣ ደህና ነው። ትንሽ እንዲተነፍስ ከፍቼ አቆየሁት። ከዚያ መጀመሪያ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አምስት ዓመት ስንት ጠርሙስ እንደቀዳሁ አላውቅም። የትኛው ከሥጋ፣ የትኛው ከዓሣ እንደሚሄድ፣ የቱ ቀድሞ መከፈት እንዳለበት አውቃለሁ። ቀምሼ ግን አላውቅም ነበር። ለሠራተኛ አይሰጥም፣ እኔም ደፍሬ አልነካሁም። በሕይወቴ የቀመስኩት የመጀመሪያው ወይን ያ አቼቶ ነበር፤ ሁለተኛው ይኼ። ከመዳፌ ላይ ሞቅ ብሎ ወደ ጉሮሮዬ ሲወርድ፣ አሃ፣ ሰዎቹ ይህን ነበር እንዴ የሚጠጡት አልኩ በልቤ።

ለመሪጌታ እስከ ሲሶው ቀዳሁና «እዚህ ድረስ የሚቀዳው ሽታው በብርጭቆው ውስጥ እንዲሰበሰብ ነው፤ በእግሩ ይያዙት፣ እንዲህ ያዙሩትና ያሽትቱ» አልኳቸው። እንዳልኳቸው አደረጉ። ያዞራሉ፣ ያሸታሉ፣ ትንሽ ይጎነጫሉ። ለሁለቱ ሽማግሌዎችና ለአባቴም ቀዳሁ፤ ሽማግሌዎቹ እያዩአቸው ያዞራሉ፤ ያ ተቆጪው ሰውዬ አብዝቶ አዙሮ ጋቢው ላይ አፈሰሰ፤ እናቴ ለእድፉ ጨው ይዛ ሮጠች።

«መልካም ነው» አሉ መሪጌታ። «ሽታውንም አገኘሁት። አሁን ግን ልጄ፣ በእኛ ወግ ሙዪልኝ።»

እስከ አፉ ሞላሁላቸው። ማዳም ብታየኝ ትጮኽ ነበር። ሞልቶ ሲንገዳገድ አንዲት ጠብታ ከጠርሙሱ አንገት ወርዳ የእናቴ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አረፈች። ቆሜ አየኋት። ማንም አልጮኸም። እጄን ሳየው ቀጥ ብሏል።

ትሪዬን ይዤ ወደ ጓዳ ልመለስ ስል መሪጌታ «ወዴት ነሽ?» አሉኝ። አንዱን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፉት። «ቀማሽ ብቻ ሆነሽ ልትቀሪ ነው? ከአባትሽ ጎን ተቀመጪና አብረሽን ጠጪ። መልሱንም አብረሽን ስሚ።»

ተቀመጥኩ። ከስድስት ዓመት በኋላ በራሴ ቤት ሳሎን፣ እንግዳ ባለበት፣ ሶፋ ላይ። አባቴ ብርጭቆአቸውን በእግሩ ይዘው፣ በደንብ መያዛቸውን ለማወቅ ወደ እኔ እያዩ፣ «ልጄ ልጃችሁ ናት» አሉ። ከጓዳ ስለናት የጤፍ ጆንያው ላይ ዘፍ ስትል ተሰማን። እናቴ እልል ልትል ጀምራ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። የቤሩቱን ወይን አልደፋነውም፤ እናቴ በወንፊት አጥልላ የሠርጉ ሰላጣ ላይ አዋለችው። መሪጌታ ሰላጣውን እየበሉ ከሩቅ በዐይናቸው ጠቅሰውኝ ነበር።

ያ እሁድ ያስተማረኝን ለናንተ ስናገር ወይን ብቻ እያወራሁ እንዳይመስላችሁ፤ ግን ወይኑንም እያወራሁ ነው። ጠርሙሳችሁን ከፀሐይ አንሱት፣ አጋድሙት፣ ብርጭቆውን ያለ ሳሙና እጠቡት። ለትልቅ ቀን ብላችሁ ብዙ አታቆዩት። ልትነግሩት የሚገባ ነገር ካላችሁም እሱንም አታቆዩት፤ እኔ ያቆየሁትን ስድስት ዓመት አባቴ በጨርቅ ሲወለውሉት ነበር። የሰው አገር ወግ ስታመጡ የቤታችሁን ወግ አብራችሁ ያዙ። እኔ አሁንም ከሲሶው ነው የምጀምረው፣ ሽታውን ካወቁ በኋላ ደግሞ እስከ አፉ እሞላለሁ፣ ከሁሉ በፊት ግን በመዳፌ እቀምሳለሁ።

ቡፌው መሀል ዳንቴሉ ላይ አሁን ያቺ መሪጌታ የገፉልኝ ብርጭቆ ናት ያለችው፤ አባቴ ዕቃ ከሚያከራዩት ሴትዮ ለምነው ገዟት። ቅዳሜ ቅዳሜ አይወለውሏትም። እንግዳ ሲመጣ ያወርዷትና ከጎናቸው ያስቀምጧታል። እኔም ለሁሉም ቀድቼ ስጨርስ ትሪውን ጥግ አስይዤ ሄጄ እቀመጣለሁ።